መብራት ሲጠፋ የታየው ሞገድ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፣ ከአዳማ

ባለፈው ዕትም መጨረሻ ላይ ቦታ ተርፎኝ "የራስን የአንጎል ሞገድ እቤት ላፕቶፕ ላይ የሚያሳይ፣ ንድፉ ለማንም ክፍት የሆነ ርካሽ ቦርድ አለ፣ እኔም አዳማ ቁጭ ብዬ ሞክሬዋለሁ" ብዬ ሁለት መስመር ጣል አድርጌ ነበር። በቃ ያቺ ሁለት መስመር ጉድ አፈላችብኝ። ስለ ኢንቨርተርና ስለ ስልክ ባትሪ የጠየቃችሁ ለሚቀጥለው ታገሱኝ፣ የዚህ ወር ገጽ በሙሉ የአንጎል ሆኗል። ጥያቄዎቹን ትንሽ አሳጥሬያቸዋለሁ፣ ስም አልጠቅስም።

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነው? እዚሁ አዳማ የኤሌክትሪካል 4ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። አራት ሆነን ለመመረቂያ ፕሮጀክት ኢኢጂ (የአንጎል ሞገድ መቅጃ) እንስራ ብለን ስናቀርብ አድቫይዘራችን "ይሄ የሚሊዮን ብር ዕቃ ነው፣ ሌላ ርዕስ አምጡ" አለን። እውነት ነው? ደግሞ ኦፕን ሶርስ ሶፍትዌር አይደለም እንዴ፣ ዕቃ እንዴት ክፍት ይሆናል?

መልስ፦ አድቫይዘራችሁ ሆስፒታል ያለውን ማሽን አስቦ ከሆነ ልክ ነው፣ እሱ ከነሶፍትዌሩ ከነምናምኑ በአስር ሺዎች ዶላር ነው የሚገዛው፣ ምንዛሪው በኛ ሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ሚሊዮኗን ዘሎ ነው የሚያልፋት። ግን ይሄን ሲግናል መቅዳት የጠፈር ሳይንስ እንዳይመስላችሁ። ሀንስ በርገር የሚባል ጀርመናዊ የአእምሮ ሐኪም የመጀመሪያውን የሰው ኢኢጂ የቀዳው በፈረንጆቹ 1924 ነው፣ ያኔ ትራንዚስተር እንኳን አልተፈጠረም። አምስት ዓመት ይዞት ቆይቶ በ1929 ሲያሳትመው ብዙ ሰው አላመነውም፣ በ1934 እነ ኤድሪያን የሚባሉ ሳይንቲስቶች እንግሊዝ አገር ደግመው ሰርተው ሲያሳዩ ነው ነገሩ ተቀባይነት ያገኘው። መቶ ዓመት ያለፈው ነገር ነው የምናወራው።

የሚያስቸግረው ትንሽነቱ ነው። የአንጎል ሲግናል ቆዳ ላይ ሲደርስ ከ10 እስከ 100 ማይክሮቮልት ቢሆን ነው፣ ማይክሮቮልት የቮልት ሚሊዮንኛ ናት፣ አንድ የባትሪ ድንጋይ 1.5 ቮልት መሆኑን አስቡና አወዳድሩት። አርዱዊኖ ኡኖ የሚባለው ትንሽ የመማሪያ ቦርድ 5 ቮልትን 1024 ቦታ ነው የሚሸነሽነው፣ ስለዚህ አንዷ ደረጃ ወደ 5 ሚሊቮልት ትጠጋለች፣ 50 ማይክሮቮልት በቀጥታ ብትሰጡት ምንም አያይም፣ ሺ ጊዜ አጉልታችሁ ብትሰጡት ራሱ አስር ደረጃ ብቻ ወጣ ገባ ይላል። ድሮ ይሄን ለማለፍ የአምፕሊፋየር መደርደሪያ ያስፈልግ ነበር። አሁን ግን ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ የሚሰራት ኤዲኤስ1299 የምትባል ቺፕ አለች፣ 8 ቻናል (ለየብቻ የሚለካ የሲግናል መስመር ማለት ነው)፣ ለያንዳንዱ የራሱ አምፕሊፋየር፣ 24 ቢት፣ ማለትም ቮልቱን ከ16 ሚሊዮን በላይ ቦታ የምትሸነሽን፣ ሁሉም የአውራ ጣት ጥፍር በምታክል ነገር ውስጥ። 24 ጊዜ አጉልታ ስትሰራ አንዷ ደረጃዋ 0.02 ማይክሮቮልት ገደማ ናት። የራሷ ኖይዝ (የማይፈለግ ጫጫታ) ከዛ ይበልጣል እርግጥ፣ ግን እሱም 1 ማይክሮቮልት አካባቢ ስለሆነ ሞገዱን አይሸፍነውም። ዛሬ ክፍት ከሚባሉት ጥሩ ጥሩ ቦርዶች ብዙዎቹ ሆዳቸው ሲከፈት ይቺው ቺፕ ናት ያለችው።

ዕቃ ክፍት ነው ሲባል የሰርኪቱ ንድፍ፣ የቦርዱ ፋይል፣ የዕቃ ዝርዝሩ፣ ቦርዱ ላይ የሚጫነው ኮድ ሁሉም ይለቀቃል ማለት ነው። ሲበላሽ ከፍተህ የቱ ሬዚስተር እንደተቃጠለ ከንድፉ ጋር እያየህ ትቀይራለህ፣ ፋይሉን ኪካድ የሚባለው የቦርድ መንደፊያ ፕሮግራም ላይ ከፍተህ አስተካክለህ ቻይና ልከህ የራስህን ታሳትማለህ። እኔ ከዋጋው በላይ የምወድለት ይሄን ነው፣ ስንት ማሽን ነው በየቦታው "ኢንጂነሩ ከውጭ እስኪመጣ" ተብሎ አቧራ ሲጠጣ የሚኖረው።

ዓይነቶቹን ባጭሩ ልንገራችሁ። የቆየው ኦፕንኢኢጂ የሚባለው ነው፣ ከፈረንጆቹ 2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የነበረ፣ ቡልጋሪያ ያለው ኦሊሜክስ ባለ 2 ቻናሉን ሰርቶ በመቶ ዩሮ አካባቢ ይሸጠው ነበር፣ ለመማር እስካሁን ጥሩ ነው። ከዛ በፈረንጆቹ 2013 መጨረሻ ጆኤል መርፊና ኮኖር ሩሶማኖ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ኒውዮርክ ላይ ከሕዝብ ገንዘብ አሰባስበው ኦፕንቢሲአይን ጀመሩ፣ ሳይተን የሚሉት ቦርዳቸው 8 ቻናል አለው፣ በሰከንድ 250 ጊዜ ይለካል፣ በአራት የባትሪ ድንጋይ ይሰራል፣ ምርጥ ዕቃ ነው ግን ርካሽ የሚለው ስም እየለቀቀው ነው፣ ዋጋው አሁን ሺ ዶላር ቤት ገብቷል። ፓይኢኢጂ የሚባል ደግሞ አለ፣ ራስፕቤሪ ፓይ የምትባለው ትንሽ ኮምፒውተር ላይ እንደ ኮፍያ የሚቀመጥ፣ እሱም 8 ቻናል። ከሁሉ የሚቀለው ህንድ አገር አፕሳይድ ዳውን ላብስ የሚሰሩት ባዮአምፕ ኢኤክስጂ ፒል ነው፣ ጣት የምታክል፣ አንድ ቻናል ብቻ፣ በአስር ቤት ዶላር የምትገኝ፣ ከአርዱዊኖ ጋር የምትሰራ።

አሁን እንደ ታላቅ ወንድም ልምከራችሁ። ኤዲኤስ1299ን ገዝታችሁ ራሳችሁ ቦርድ ልትሰሩ አስባችሁ ከሆነ ለመጀመሪያ ፕሮጀክት አይሆንም። 64 እግር አላት፣ በእግርና በእግር መሀል ግማሽ ሚሊሜትር ነው፣ በተራ ካውያ ስትበይዱ ሁለቱ እግር ተያይዞ ቺፗ ትሄዳለች፣ ቺፗ ደግሞ ለብቻዋ ከ30 ዶላር በላይ ናት። መጀመሪያ ለልብ ተብሎ የተሰራውን ኤዲ8232 ሞጁል ያዙና የራሳችሁን የልብ ምት አውጡ፣ ልብ 1 ሚሊቮልት አካባቢ ስለሚሰጥ ያስተምራል፣ ይቅር ይላል። ፊልተር፣ የኤሌክትሮድ (ቆዳ ላይ የሚለጠፈው ሲግናል መቀበያ) አቀማመጥ፣ ኖይዝ ምን እንደሚመስል እዛ ላይ ትማራላችሁ። ከዛ በፒሏ አንድ ቻናል የአንጎል ሞገድ፣ ዓይን ሲጨፈንና ሲከፈት ያለው ልዩነት፣ እሱን በሶፍትዌር መለየት። ይሄ ለአራት ልጅ አንድ ሴሚስተር ይበቃል፣ እንደውም ይበዛል። ለአድቫይዘራችሁ "ኢኢጂ ማሽን እንሰራለን" አትበሉት፣ "የአልፋ ሞገድ መለያ እንሰራለን" በሉት (አልፋ ዓይን ሲጨፈን የሚወጣው ሞገድ ነው)፣ ያኔ ይፈርማል።

ጥያቄ፦ የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ሲመጣ ባለ 4 ቻናል ቦርድ አስመጣሁ፣ ሰካሁት፣ የሚታየኝ ግን ወፍራም ጥቁር ሪባን ብቻ ነው፣ ሞገድ የሚባል የለም። ገንዘቤ ቀልጧል ማለት ነው? ቦርዱ ሞቷል? ከፍራንኮ ሰፈር።

መልስ፦ ወንድሜ እኔም እንዳንተ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቦርዱን ስሰድብ ነበር። ኬብል ቀየርኩ፣ ሶፍትዌሩን ሦስት ጊዜ አጥፍቼ ጫንኩት፣ የሸጠልኝን ሰውዬ በልቤ ሌባ አልኩት።

አንድ ምሽት ታናሽ ወንድሜን በርጩማ ላይ አስቀምጬ (እሱ ራሱን ስለሚላጭ ነው የመረጥኩት እንጂ ታጋሽ ሆኖ አይደለም) አንድ ኤሌክትሮድ ከኋላ ማጅራቱ ላይ ካለችው አጥንት ትንሽ ከፍ አድርጌ፣ ሁለቱን ደግሞ ጆሮውና ጆሮው ጋ ለጥፌ፣ ያው ሪባኑን እያየሁ ተቀምጫለሁ። ጎረቤት እትዬ በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ እየጋገሩ ነው፣ ምጣዱ ያለው ከግድግዳው ወዲያ ነው። በመሀል መብራት ድርግም። ሰፈሩ በሙሉ ጭልም አለ። ላፕቶፑ ግን በባትሪ እየሰራ ነው፣ እና እዛች ጨለማ ውስጥ ስክሪኑ ላይ ያ ወፍራም ሪባን ክችች ብሎ አንዲት ቀጭን መስመር ሆነ። እናቴ ከጓዳ "ሻማው የት ነው?" እያለች ትጣራለች፣ እኔ "ዓይንህን ጨፍን! ዝም ብለህ ጨፍን!" እያልኩ ወንድሜ ላይ እጮሃለሁ። ጨፈነ። አንድ ሁለት ሰከንድ ቆይቶ መስመሯ መወዛወዝ ጀመረች፣ ትናንሽ ኮረብታ፣ እኩል እኩል፣ ቆጠርኳቸው፣ በአንድ ሰከንድ ውስጥ አስር። "ክፈት" ስለው ጠፉ። "ጨፍን" ስለው ተመልሰው መጡ። በርገር ከመቶ ዓመት በፊት ያየው አልፋ ሞገድ ይሄው ነው፣ በሰከንድ ከ8 እስከ 13፣ ዓይን ሲጨፈን ከኋላ በኩል ጎልቶ የሚወጣው። ሻማው እስኪገኝ ድረስ አስር ጊዜ አስጨፍኜዋለሁ። ሪባኑ እንግዲህ የመብራት ኃይል 50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለሰው ከረንት) ነበር፣ ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ፣ ምጣዱ፣ አምፖሉ፣ ሁሉም ሰውነትህ ላይ ይጭኑብሃል፣ አንተ ራስህ አንቴና ነህ።

መብራት እስኪጠፋ ጠብቅ ማለቴ አይደለም (አዳማ ላይ ብዙ ባያስጠብቅህም)። መጀመሪያ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀል። ይሄ ለኖይዝ ብቻ ብዬ አይደለም፣ ለሕይወትህ ነው፣ ጭንቅላትህ ላይ ሽቦ ለጥፈህ ያ ሽቦ በሆነ መንገድ ከሶኬት ጋር መገናኘት የለበትም፣ ቦርዱ በባትሪ፣ ላፕቶፑም በባትሪ፣ ያለቀለት ሕግ ነው። ከዛ የኤሌክትሮድ ገመዶቹን አንድ ላይ ግመዳቸው፣ ተበታትነው ሲንጠለጠሉ ነው ያንን የመብራት ኖይዝ የሚሰበስቡት። ቀጥሎ ባያስ ወይም ግራውንድ የምትለዋን ኤሌክትሮድ በደንብ ለጥፍ፣ ሰው ዋናዎቹን ተጠንቅቆ እሷን እንደነገሩ ነው የሚያደርጋት፣ የጋራውን ኖይዝ ገልብጣ ወደ ሰውነት የምትመልሰው ግን እሷ ናት። በመጨረሻ ሶፍትዌሩ ላይ ኖች ፊልተር የሚል አለ፣ አንዷን ኸርዝ ለይቶ የሚቆርጥ፣ እሱን እየው፣ ፕሮግራሙ አሜሪካ የተጻፈ ከሆነ 60 ኸርዝ ላይ ሆኖ ሊጠብቅህ ይችላል፣ የነሱ መብራት 60 ስለሆነ ነው፣ ወደ 50 ቀይረው። እኔ ከሁለት ሳምንቱ አንዱን ሳምንት ያቃጠልኩት በዚች ቁጥር ነው፣ ለሰው ስናገረው እስካሁን አፍራለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ በሚያዝያ ሙቀት ከሰዓት ላይ አትሞክር። ላብ ራሱ ጨው ውሃ ስለሆነ ኤሌክትሮዱ ስር ቮልቴጁን ቀስ እያለ ይቀያይረዋል፣ መስመሩ እንደ መርከብ ከፍ ዝቅ ሲል ታየዋለህ። ጠዋት በነፋሱ ይሻላል።

ጥያቄ፦ የሳይኮሎጂ ተማሪ ነኝ። ጓደኞቼ ወንዶቹ ላይ አልፋው ቁልጭ ብሎ ወጣ፣ እኔ ላይ ሲደርስ ምንም። ፀጉሬ ጥቅጥቅ ያለና ከርዳዳ ነው፣ ጄሉ ፀጉሬ ላይ ብቻ ነው የሚቀረው። "አንቺ አንጎል የለሽም" ብለው ቀለዱብኝ። መላጨት አለብኝ እንዴ?

መልስ፦ እህቴ ኧረ እንዳትላጪ! የቀለዱትን ልጆች ደግሞ ይሄን አንብቢላቸው።

የኢኢጂ ኤሌክትሮድና ኮፍያ አብዛኛው የተነደፈው ለለስላሳ ፀጉር ነው፣ ገፋ ሲያደርጉት ለሁለት ለሚከፈል ፀጉር። የኛ ዓይነቱ ግን ስፕሪንግ ነው፣ ኮፍያውን ከራስ ቅል ላይ ያነሳዋል፣ በኤሌክትሮዱና በቆዳው መሀል አየር ይገባል፣ አየር ገባ ማለት ሲግናል የለም ማለት ነው። ውጭ አገር በየምርምሩ እንዳንቺ ፀጉር ያላቸው ሰዎች "ዳታቸው አልጠራም" እየተባለ ሲወጡ ኖረዋል፣ አስቢው። ይሄን ዝም ብላ ያላለፈችው አርኔል ኢቲየን የምትባል የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረች ልጅ ናት። ምን አደረገች መሰለሽ? ሹሩባ! ፀጉሩ ኤሌክትሮዱ በሚቀመጥበት መስመር ተከፍሎ ወደኋላ ቀጥ ቀጥ ተደርጎ ሲሰራ መሀል ላይ ያለው ቆዳ ይገለጣል፣ ከዛ ጉንጉኑ ስር የሚገባ ቅንጥብ ያለው ኤሌክትሮድ ሠርተው ራሱ ሹሩባው እንዲይዘው አደረጉ። ሴቮ ብለው ጠሩት፣ በሄይቲ ክሪኦል አንጎል ማለት ነው። ሥራው በፈረንጆቹ 2020 ወጥቷል። እኔ ይሄን ሳነብ ሳቄ መጣ፣ እኛ ጋ ስንት ዘመን እናቶች ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለው ሲሠሩት የኖሩት ነገር ነው እኮ።

እኛም ሞከርነው። የእህቴን ልጅ ይዤ ፖስታ ቤት አካባቢ ሹሩባ የሚሠሩ አንዲት እናት ጋ ሄድኩ፣ ልብስ ሰፊ የሚለካበትን ሜትር ይዤ። "እትዬ፣ መስመሩ እዚህ ጋ ይውጣልኝ" ብዬ ልኬት ስጀምር እንዳበደ ሰው ነበር ያዩኝ። አሠራሩን ልንገርሽ። ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበት አለካክ 10-20 ይባላል፣ በፈረንጆቹ 1958 ጃስፐር የሚባል ሳይንቲስት የጻፈው። ከሁለቱ ዓይን መሀል አፍንጫ ከሚጀምርበት ጉድጓድ ተነስተሽ በአናት ላይ አድርገሽ ማጅራት ላይ እስካለችው የአጥንት እብጠት ትለኪያለሽ። የልጅቷ 35 ሴንቲሜትር ሆነ። አስር ከመቶው 3.5 ነው፣ ስለዚህ ከእብጠቷ 3.5 ሴንቲ ከፍ ትያለሽ። ከዛ ጭንቅላቱን ዙሪያውን ትለኪያለሽ፣ 54 ሆነ፣ አምስት ከመቶው 2.7፣ ከመሀሉ መስመር በግራ 2.7 ስትሄጂ ኦ1፣ በቀኝ 2.7 ስትሄጂ ኦ2 ነው፣ የኤሌክትሮዶቹ ቦታ ስም ማለት ነው። ግራ ጎዶሎ ቁጥር፣ ቀኝ ሙሉ ቁጥር፣ በቃ አትረሺውም። እትዬ በከሰል እርሳስ ነጥብ አድርጌ ባሳየኋቸው ላይ ክፋዩን አሳለፉልኝ፣ "ለምኑ ነው?" ሲሉ "አንጎሏን ልናይ ነው" አልኳቸው፣ "እሱንስ እኔም ባየሁት፣ አርፋ አትቀመጥም" አሉ።

ኤሌክትሮዱን ክፋዩ ላይ ጄል አድርገን ስናስቀምጠው ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና አልፋው ከወንድሜ የበለጠ ጎልቶ ወጣ። ያው አልፋ ከሰው ሰው ይለያያል፣ ትልቅ ስለሆነ ጎበዝ ናት ማለት አይደለም፣ እሷ ግን እስካሁን እንደዛ ነው የምታወራው።

ከመሞከርሽ በፊት ፀጉርሽን በሻምፖ እጠቢው፣ ኮንዲሽነር ሳታደርጊ። ቅባት ወይ ቅቤ ካለ ግን አትልፊ፣ ቅቤ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ቆዳውን በአልኮል በነከርሽው ጥጥ በቀስታ አሸት አድርጊው፣ የሞተው ቆዳ ይነሳል፣ እንዲደማ ግን አይደለም። ቦርድሽ የንክኪውን ሬዚስታንስ የሚለካ ከሆነ ድሮ ከ5 ኪሎኦም በታች ይሁን ይሉ ነበር፣ ያሁኖቹ ቦርዶች ከዛ በላይም ይታገሳሉ፣ ቁጥሩ ከሚያንሰው ይልቅ በሁሉም ኤሌክትሮድ ላይ ተቀራራቢ መሆኑን እይ።

ጥያቄ፦ ልጄ 9 ዓመቱ ነው፣ የሚጥል በሽታ አለበት፣ መድኃኒት ይወስዳል። ለኢኢጂ አዲስ አበባ ተመላልሰን ሰለቸን። እርስዎ የጻፉትን ዕቃ ገዝቼ እቤት እያየሁ ብከታተለው ይሆናል? እናት፣ ከአዳማ።

መልስ፦ እናቴ፣ መመላለሱ ምን ያህል እንደሚያደክም ይገባኛል፣ ግን አይሆንም። ከዋጋው ጋር አይገናኝም። ሐኪም የሚያዘው ኢኢጂ ቢያንስ 19 ቦታ ላይ ኤሌክትሮድ ተደርጎ፣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ተቀድቶ፣ ልጁ በፍጥነት እንዲተነፍስ ተደርጎ፣ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት እየታየው፣ አንዳንዴም እንቅልፍ አጥቶ እንዲመጣ ተደርጎ የሚሠራ ነው፣ ከዛ በላይ ደግሞ ዓመታት የተማረ ሰው ነው የሚያነበው። የልጅ ሞገድ ከአዋቂ ይለያል፣ በእንቅልፍ ሰዓት የሚወጡ ጤነኛ የሆኑ ሹል ሹል ነገሮች አሉ፣ እኔና እርስዎ ብናየው እንደነግጣለን። ሌላው ደግሞ የሚጥል በሽታ ኖሮበት ኢኢጂው ንጹሕ ሆኖ የሚወጣ ሰው ብዙ ነው፣ ስለዚህ በሁለት ቻናል "ደህና ነው" ብለው መድኃኒቱን ቢቀንሱበት ልጁን አደጋ ላይ ይጥሉታል። መድኃኒት በራስ ማቋረጥ ራሱ ኃይለኛ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል።

እጅዎ ላይ ያለ ጠቃሚ ዕቃ ስልክዎ ነው። ሲጥለው ሌላ ሰው ከጎን ሆኖ ቪዲዮ ይቅረጸው፣ በየት በኩል እንደጀመረ፣ ዓይኑ ወዴት እንደዞረ፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየ፣ ይሄ ለሐኪሙ ትልቅ ነገር ነው። ደብተር ላይ ቀኑንና ሰዓቱን፣ የተዘለለ መድኃኒት ካለ እሱን ይጻፉ። ሲጥለው ደግሞ ክብሪት አያሽቱት፣ ማንኪያም ጣትም አፉ ውስጥ አያስገቡ፣ በጎኑ ያስተኙት፣ ጭንቅላቱ ስር ለስላሳ ነገር ያድርጉ፣ ሰዓት ይያዙ። 5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ደግሞ ከጣለው ቶሎ ወደ ጤና ተቋም።

ይሄን ለሌሎቻችሁም ነው የምለው፣ ስለ ቦርዶቹ ሳወራ ለመማር፣ ለመመራመር፣ ለፕሮጀክት ማለቴ ነው። ሠሪዎቹም የሕክምና ዕቃ አይደለም ብለው ይጽፋሉ። ደግሞ አንድ ሁለት ሰው "ወደ አንጎል ከረንት መላኪያስ መሥራት ይቻላል ወይ" ብላችሁ ጠይቃችኋል፣ ለናንተ መልሴ አጭር ነው፣ አትንኩት።

ጥያቄ፦ ይሄ ነገር ሰው የሚያስበውን ያነባል? ባለቤቴ የት እንዳመሸ ላውቅበት ነው ሃሃሃ።

መልስ፦ ሃሃ፣ ስልኩን ብታይው ይቀላል። አያነብም እህቴ። ቆዳ ላይ የሚደርሰው በብዙ ሺና ሚሊዮን የሚቆጠሩ የነርቭ ሴሎች አንድ ላይ የሚያሰሙት ጉርምርምታ ነው፣ ከስታዲየም ውጭ ቆመሽ ጎል መግባቱን በጩኸቱ ታውቂያለሽ፣ ማን እንዳገባው ግን አታውቂም፣ እንደዛ ነው። የሚቻለው ይሄን ያህል ነው፦ ፊደላት በየረድፉ ብልጭ ብልጭ እያሉ ሰውየው የሚፈልገው ፊደል ሲበራ አንጎሉ ከ300 ሚሊሰከንድ ገደማ በኋላ ትንሽ ዝላይ ያሳያል፣ በዚህ ፋርዌልና ዶንቺን የሚባሉ ሰዎች በፈረንጆቹ 1988 በአንጎል የሚጻፍበት ዘዴ አሳይተዋል፣ መንቀሳቀስ ለማይችል ሰው ትልቅ ነገር ነው፣ ግን ቀርፋፋ ነው፣ ሰውየውም ትኩረት ሰጥቶ መተባበር አለበት። ባለቤትሽ የሚተባበር አይመስለኝም።

ኦንላይን ላይ "በሐሳቤ መኪና ነዳሁ" የሚሉትን ቪዲዮዎች ስታዪ ደግሞ የሰውየውን መንጋጋ እዪው። ጥርስ ሲነከስ ወይ ዓይን ሲርገበገብ የሚወጣው የጡንቻና የዓይን ሲግናል ከአንጎሉ ብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ ግማሹ "ሐሳብ" እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ኤሌክትሮድና ጄል አዳማ ላይ የት ይገኛል? የአልትራሳውንድ ጄል ይሆናል? በቤት መሥራትስ? ከቦኩ።

መልስ፦ የሕክምና ዕቃ መሸጫዎች ጋ የኢሲጂ (የልብ ምት መቅጃ) ተለጣፊ ኤሌክትሮድ ብለህ ጠይቅ፣ ግንባርና ጆሮ ኋላ ላይ፣ ማለትም ፀጉር በሌለበት፣ አሪፍ ይሰራል፣ ጄሉ ራሱ ላይ አለ፣ ጊዜው ያለፈበትን ግን አትውሰድ፣ ደርቆ ነው የሚጠብቅህ። የአልትራሳውንድ ጄል ለድምፅ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ እንደ ኢሲጂ ጄል ጨው የለውም፣ ስትቸገር ከምንም ይሻላል እንጂ አልመክርህም፣ ከሱ በጨው ውሃ የተነከረ ስፖንጅ ይሻልሃል፣ እሱም ሲደርቅ ሲግናሉ ይሄዳል፣ በየሃያ ደቂቃው ጠብ ጠብ እያደረግክ።

በቤት መሥራት ይቻላል። ንጹሕ ብር፣ ገንዘቡን ሳይሆን ማዕድኑን ማለቴ ነው፣ ቀጭን ሽቦ ወይ ሳንቲም የምታክል ጠፍጣፋ ይዘህ በረኪና ውስጥ ዘፍዝፈው፣ ቀስ እያለ ወደ ጥቁር ግራጫ ይለወጣል፣ ላዩ ላይ ሲልቨር ክሎራይድ እየለበሰ ነው፣ የሆስፒታሉ ኤሌክትሮድም ላዩ ላይ ያው ነገር ነው ያለው። ከዛ በንጹሕ ውሃ ደጋግመህ እጠበውና ተጠቀምበት፣ በረኪናው ላይ ግን ምንም ሌላ ኬሚካል እንዳትጨምር፣ መስኮትም ክፈት። ወርቅ ቤት ስትሄድ መዳብ ያልተቀላቀለበት ስጡኝ በል፣ መዳብ ያለበት ኖይዙ አያስቀምጥህም። አንድ ልጅ የአያቱን ማርትሬዛ ይዞ መጥቶ "ይሄስ?" ብሎኛል፣ ማርትሬዛ 83 ከመቶ ገደማ ነው ብሩ፣ ቀሪው መዳብ፣ አይሆንም ብዬ ለአያቱ መልስ አልኩት።